ለጀልባ ተሳቢ ባለቤቶች፦ ስለ አንድ ጎሚስታ ምስጋናና ጥቆማ

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ፣ የዕረፍት ቀናችሁን በፖቶማክ ወንዝ ወይም በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ ዓሣ በማጥመድ የምታሳልፉ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በአሌክሳንድሪያ አነስተኛ የጎማ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አንጋፋ ወገናችንን በአደባባይ ለማመስገንና ወደ እሳቸው እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ እኔም እንደ ሌሎቹ ደንበኞቻቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጋሼን እንዳመሰግናቸው ያደረገኝ፣ ጎማ የሚቀየርበትን ጊዜ ጠንቅቀው ማወቃቸውና ያወቁትንም በሐቅ መናገራቸው ነው። ከባለቤቴ ወንድም ጋር በሽርክና ያገለገለች ጀልባ ከነተሳቢዋ ስንገዛ፣ ሻጩ ጎማዎቹ አዲስ እንደሆኑ ስለነገረን፣ ነገሩን የሚያረጋግጥልን ባለሙያ ፈልገን ወደ እሳቸው ሄድን። ጥርሱን ብቻ ለሚያይ ሰው ጎማዎቹ በእርግጥም አዲስ ይመስሉ ነበር። ጋሼ ግን ጥርሱን በጨረፍታ አይተው አለፉና፣ ባትሪ አብርተው በጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ በሚሉ ፊደላት የሚጀምረውን ጽሑፍ መፈለግ ጀመሩ። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ የሚገኙት 4 አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ የእኛዎቹ 2319 ይሉ ስለነበር፣ የተሠሩት በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ። ሙሉው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሆነ፣ በውጭ በኩል ካልተገኘ ከተሳቢው ሥር ገብቶ በውስጥ በኩል መፈለግ ያስፈልጋል። በ4 ፈንታ 3 አኃዝ ብቻ ያለው ጎማ ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ፣ እሱ ላይ መነጋገርም አያስፈልግም።

በዚያን ቀን ጎማዎቻችን 4 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ጋሼ ተሳቢውን በክሪክ አንሥተው፣ እያንዳንዱን ጎማ በእጃቸው እያሽከረከሩ፣ ጎኑን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ በተለይም ባለቤቱ ፈጽሞ የማያየውን የውስጠኛውን ጎን ጊዜ ወስደው ከመረመሩ በኋላ፣ «ዘንድሮ ገንዘባችሁን አታውጡ። ነፋሱን በልኩ እየሞላችሁ ተጠቀሙበት፤ በሚመጣው ዓመት በረዶው እንዳለፈ አምጡልኝና ደግሜ አየዋለሁ» አሉን። ጎማ ሸጦ የሚያድር ሰው፣ ሊሸጥልን ይችል የነበረውን ጎማ «አያስፈልጋችሁም» ብሎ ሲመልሰን፣ በኋላ «አሁን ቀይሩ» የሚለንን ቃል ያለ ጥርጣሬ እንድንቀበል መሠረት ሆነልን።

ከእሳቸው የተማርኩት ዋናው ነገር የጀልባ ተሳቢ ጎማ በአብዛኛው የሚያልቀው በመሮጥ ሳይሆን በመቆም መሆኑን ነው። የመኪና ጎማ በየቀኑ ስለሚሽከረከር ጥርሱ አልቆ ይጣላል። የጀልባ ተሳቢ ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በግቢ ቆሞ፣ ያን ሁሉ ክብደት በአንድ ቦታ ተሸክሞ፣ ፀሐይና ብርድ እየተፈራረቀበት ይከርማል። ጎማ ሲሠራ ከፀሐይ ጨረርና ከኦዞን የሚከላከሉ ሰምና ሌሎች ኬሚካሎች ይቀላቀሉበታል፤ እነዚህ ወደ ላይኛው ገጽ የሚወጡት ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ስለሆነ፣ የቆመ ጎማ ይህን መከላከያ በበቂ ሁኔታ አያገኝም። ድርቆሽ እጥፍ እስኪያደርጉት ድረስ ደኅና እንጀራ እንደሚመስል ሁሉ፣ የደረቀ ጎማም ቆሞ ሳለ ምንም የሆነ አይመስልም፤ ጭነት ይዞ በአውራ ጎዳና ላይ ሲሞቅ ግን ጥርሱን የያዘው ንጣፍ ከውስጡ ሽቦ ይላቀቃል። ስለዚህ የአንድ ሳንቲም ፔኒ በጥርሱ መካከል አስገብቶ የሊንከንን ራስ ማየት፣ 2/32 ኢንች የሆነውን የተለመደ ዝቅተኛ መጠን ለመለካት ቢጠቅምም፣ ለጀልባ ተሳቢ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ጋሼ የሚመሩበት መለኪያ ግልጽ ነው። 3 ዓመት ያለፈውን ጎማ በየዓመቱ ይመረምራሉ፤ 5 ዓመት የሞላውን በጥርጣሬ ያዩታል፤ 6 ዓመት የደረሰውን ደግሞ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር እንዲቀየር ይመክራሉ። አንዳንድ የመኪናና የጎማ አምራቾች ከ6 እስከ 10 ዓመት የሆነው ጎማ ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ያሳስባሉ፤ ጋሼ ግን ቆሞ የሚከርም፣ ሲንቀሳቀስም ሙሉ ጭነት የሚሸከም የተሳቢ ጎማ ዝቅተኛውን ዕድሜ ቢይዝ ይሻላል ባይ ናቸው፤ እኔም ትክክል እንደሆኑ አምናለሁ። ዕድሜው ሳይደርስም ቢሆን፣ በጎኑ ላይ እብጠት የወጣበትን ጎማ በዚያው ቀን እንዲወርድ ያደርጋሉ፤ ላይ ላዩን የሚታየውን ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ይከታተሉታል እንጂ አያስፈራሩበትም፤ ስንጥቁ ከጠለቀ፣ ወይም በጥርሶቹ ሥር ዙሪያውን ከያዘ ግን ቀን አይሰጡትም። ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ካገኙትም፣ አዲስ ጎማ ከመሸጣቸው በፊት መጀመሪያ አክሱሉንና ባሌስትራውን ይፈትሻሉ።

በቀጣዩ ዓመት መርምረው አሳለፉልን። ጎማዎቹ ወደ 6 ዓመት ሲጠጉ ግን በቀኙ ጎማ ውስጠኛ ጎን ላይ፣ በዓይን ከመታየቱ ይልቅ በእጅ የሚታወቅ አነስተኛ እብጠት አገኙ። የእኔንም እጅ ይዘው አስዳሰሱኝ። በዚያው ሳምንት ወደ ኬንት ደሴት ልንሄድ አስበን ነበር፤ ወደዚያ የሚያሻግረው፣ የመጀመሪያው ክፍል በ1952 የተከፈተው የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ከ4 ማይል በላይ የሚረዝም ሲሆን፣ በዳሩ ለብልሽት መቆሚያ የሚሆን ቦታ የለውም። የሚላቀቅ ጎማ በዚያ ድልድይ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል፣ ጭቃ መከላከያውን ገንጥሎ፣ የመብራቱን ገመድ በጥሶ፣ ከኋላ ለሚመጣው መኪናም አደጋ እንደሚሆን ሳስብ፣ የእሳቸው መዳፍ ያገኘው ነገር ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ይገባኛል። ለዚህም ነው ምስጋናዬን በቃል ብቻ ተናግሬ ማለፍ ያልፈለግሁት።

ስለ አዲሱ ጎማ ምርጫም ጥቂት ልበል። ቀደም ሲል የጠየቅሁት አንድ ሌላ ጋራዥ ርካሽ የቤት መኪና ጎማ ሊገጥምልኝ ዝግጁ ነበር። ጋሼ ግን ከመጠኑ በፊት ኤስ ቲ የሚል ምልክት ከሌለው፣ ማለትም ለተሳቢ ተብሎ ካልተሠራ በስተቀር አይገጥሙም፤ የተሳቢ ጎማ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ጀልባዋ መንገድ ላይ እንዳትወዛወዝ ይረዳል። ራዲያል የሚባለውን የዘመኑን ጎማ፣ የውስጥ ክሮቹ በሰያፍ ከተደራረቡበት ከአሮጌው ስሪት ጋር በአንድ አክሱል ላይ አያደባልቁም። የእኛ መጠን ኤስ ቲ 205/75 አር 14፣ የጭነት ደረጃው ሲ ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ 1760 ፓውንድ የሚሸከመው ግን በ50 ፒ ኤስ አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ሲሞላ ብቻ ነው። በ35 ፒ ኤስ አይ ከሆነ አቅሙ ወደ 1430 ፓውንድ ይወርዳል፤ «ለስላሳ እንዲሄድ» ተብሎ ነፋስ መቀነስ ጎማውን ከልክ በላይ በማሞቅ ዕድሜውን የሚያሳጥረውም ለዚህ ነው። ነፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ነው። ፍጥነቱም ቢሆን፣ በጎማው ላይ ከፍ ያለ ደረጃ ካልተጻፈ በቀር በሰዓት ከ65 ማይል እንዳይበልጥ አጥብቀው ያሳስባሉ፤ ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህን ደጋግሞ መናገር አይበዛም።

ቫልቮላውን ከጎማው ጋር አብረው ይቀይራሉ፤ የደረቀ ቫልቮላ አዲስ ጎማን እንደሚያተነፍስ ያውቃሉ። ቸርኬው በጨዋማው ውኃ ዝጎ እንደሆነ ያጸዱታል። ኩሽኔታውንም ከፍተው ያያሉ፤ ኩሽኔታው የሚገኝበት፣ ከጉዞ የሞቀው የጎማው ማዕከል ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ ውኃ ወደ ውስጥ ሊስብ ስለሚችል፣ ግራሶው ወተት መስሎ ካገኙት አጥበው በአዲስ ይተካሉ። ቡሎኖቹን በመለኪያ ቁልፍ ካጠበቁ በኋላ፣ ወደ 50 ማይል ያህል ከተነዳ በኋላ ተመልሶ እንዲጠበቅ ያሳስባሉ፤ ወደ ጋራዡ ከመጣችሁ ይህን ያለ ክፍያ ይሠሩታል።

ዋጋቸው ተመጣጣኝ ነው፤ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሙሉውን ሒሳብ ይነግሯችኋል፤ የሚያወርዱትን አሮጌ ጎማ ቀኑንና ጉድለቱን ያሳዩአችኋል። እሑድና በዓበይት በዓላት አይሠሩም። በፈረንጆቹ ግንቦት መጨረሻ፣ የሜሞሪያል ዴይ ሳምንት ሲደርስ ወረፋው ስለሚረዝም፣ በፈረንጆቹ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ብትሄዱ ጊዜ ሰጥተው ያስተናግዷችኋል። ጀልባዋን ከተሳቢው ማውረድ አያስፈልጋችሁም። ስኮርታውን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ መሬት ሳይነካም ቢሆን በፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ስለሚያረጅ፣ ጋሼ ቀኑን እንደሌሎቹ ያነብቡታል። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለማንም ለመስጠት ፈቅደውልኛል።