ለሶሪያሲስ ምን ልግዛ? ተራው ቤታሜታዞን፣ «ሦስት በአንድ» ክሬም፣ ክሎቤታሶል ወይስ ሜቶትሬክሴት

ከወዳጅ ከዘመድ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «የትኛው ቅባት ነው የሚያጠፋልኝ?» የሚያጠፋ ቅባት የለም። ሶሪያሲስ የቆዳ በሽታ ቢሆንም የሚነሳው ከሰውነት መከላከያ ሥርዓት ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ጠላት ሳይኖር ይቆጣሉ፤ የሚለቋቸው ንጥረ ነገሮች ደግሞ ቆዳውን ያጣድፉታል። ጤነኛ ቆዳ አንድ ወር ገደማ የሚፈጅበትን እድሳት ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ያልበሰለው ሕዋስ ተደራርቦ ያን ብርማ ቅርፊት ይሠራል። ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። የምንገዛው ሁሉ ቁጣውን የሚያበርድ ነው። ለዓመታት የሚገዛ ነገር ስለሆነም ዋጋውን አጥብቆ ማስላት ግድ ነው።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር። የተያዘው ቆዳ በራስዎ መዳፍ ሲለካ ከአሥር መዳፍ ካልበለጠ ተራውን የስቴሮይድ ቅባት፣ ማለትም የቤታሜታዞን ዳይፕሮፒዮኔት 0.05% ኦይንትመንት፣ ከቫዝሊን ጋር እመርጣለሁ። ከዚያ ከበለጠ ቲዩብ መግዛት ይቁምና ከቆዳ ሐኪም ጋር የመከላከያ ሥርዓቱን ቁጣ ስለሚያበርደው የሜቶትሬክሴት ኪኒን ይነጋገሩ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። የራስዎ መዳፍ ከነጣቶቹ ከሰውነትዎ ቆዳ 1% ያህል ነው። ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚወጣ ቅባት ግማሽ ግራም ሲሆን፣ ሁለት መዳፍ ይሸፍናል። አራት መዳፍ የሚያህል ያለበት ሰው በአንድ ጊዜ 1 ግራም፣ ጠዋትና ማታ ሲቀባ በ4 ሳምንት 56 ግራም ይጨርሳል። ባለ 15 ግራም ቲዩብ አራት ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ግን አንድ ቲዩብ ገዝቶ ለወር ያብቃቃውና «አልሠራልኝም» ብሎ ወደ ውዱ ይሄዳል። መድኃኒቱ የወደቀው ስላነሰ ነው። ፋርማሲ ሲገቡ ዋጋውን ለግራሙ አካፍለው ያወዳድሩ፤ ባለ 30 ግራሙ ብዙ ጊዜ ከሁለት ባለ 15 ይረክሳል። ካርቶኑ ላይ «ዳይፕሮፒዮኔት» የሚለውን ያረጋግጡ፤ «ቫለሬት» የሚለው ለዘብ ያለው ነው። ክሬም ሳይሆን ኦይንትመንት ይጠይቁ። ቅባትነቱ ስለሚበዛ ደረቁንና ወፍራሙን ቅርፊት ዘልቆ ይገባል።

አቀባቡ ይህን ይመስላል። ለብ ባለ ውኃ ታጥበው፣ ሳይፈትጉ አደራርቀው፣ ቅባቱን በታመመው ላይ ብቻ በስሱ ይቀቡ። ግማሽ ሰዓት ቆይተው መላውን ቆዳ ቫዝሊን ይቀቡ። ቆዳው ሲለሰልስና ቅርፊቱ ሲጠፋ፣ ቢበዛ በ4 ሳምንት፣ በአንዴ አያቁሙ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እየቀቡ ያቆዩት። ቫዝሊኑ ግን አይቋረጥ። ፊት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ይህ ቅባት አይነካም፤ ለእነሱ ሃይድሮኮርቲዞን 1% ለጥቂት ቀናት ይበቃል። ቅርፊቱ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት በሽታው አይደለም። በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። እሱን አጠፋለሁ ብሎ ስቴሮይድ መቀባት ቆዳን ከማሳሳት በቀር ትርፍ የለውም።

«ሦስት በአንድ» የሚባለው ክሬም ቤታሜታዞን፣ የፈንገስ መድኃኒቱ ክሎትሪማዞልና የባክቴሪያ መድኃኒቱ ጄንታማይሲን የተቀላቀሉበት ነው። በብዛት የሚሸጠውም እሱ ነው፤ ሻጩ ጭርት ይሁን ችፌ ይሁን ሳያውቅ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ይሰጣል። ሶሪያሲስ ፈንገስም ባክቴሪያም አይደለም፤ ከሦስቱ ለሁለቱ በከንቱ ይከፍላሉ። ባሰ ደግሞ ችግሩ በእርግጥ ጭርት ከሆነ ስቴሮይዱ መልኩን ይሸፍነዋል፣ እየሰፋም ይሄዳል። ጭርት ብዙውን ጊዜ ዙሪያው ቀላ ወይም ጠቆር ብሎ መሐሉ ይጠራል። ሶሪያሲስ ግን በሁለቱም ክርን፣ በሁለቱም ጉልበት፣ በራስ ቅልና በወገብ ላይ ይወጣል፤ ጥፍርን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይበሳሳል። በእኛ ቆዳ ላይ መጽሐፍ እንደሚያሳየው ቀይ ላይሆን ይችላል፤ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ ቡናማ ይመስላል። ጥርጣሬ ካለ ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ከአንድ የከንቱ ቲዩብ ይልቅ ገንዘብዎን እዚያ ላይ ያውሉ።

ክሎቤታሶል 0.05% ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ የበረታው ነው። ለመዳፍ፣ ለውስጥ እግርና ለጠጠረ ክርን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በተከታታይ ከ2 ሳምንት፣ በሳምንትም ከ50 ግራም አይለፍ። የሚያሳስበኝ በፋርማሲ የሚገኘው ሳይሆን በኮስሞቲክስ ሱቅ «የሚያፈካ» ተብሎ የሚሸጠው፣ እንዲሁም ስም በሌለው ብልቃጥ «ባህላዊ» ተብሎ የሚሰጠው ነው። በሦስት ቀን ተአምር የሚሠራ፣ ባች ቁጥር፣ የማብቂያ ቀንና የአምራች አድራሻ የሌለው ቅባት ውስጡ ክሎቤታሶል ሊሆን ይችላል። ቆዳው እንደ ሲጋራ ወረቀት ይሳሳል፣ ብሽሽት ላይ ሸንተረር ይወጣል፣ ሲቆም ደግሞ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ለዚህ የሚከፈል ብር ሁሉ ውድ ነው።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ «አስልኬ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ካልሲፖትሪኦል (የቫይታሚን ዲ ዓይነት መድኃኒት) ከቤታሜታዞን ጋር የተቀላቀለበትን ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በቀን አንዴ መቀባቱም ቲዩቡን ይቆጥባል። ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣልዎ ከሆነ ይቀበሉ፤ አቅርቦቱ ቀጣይ ካልሆነ ግን ሕክምናዎን በእሱ ላይ አይመሥርቱ። ከሳሊሲሊክ አሲድ ጋር በአንድ ቦታ አይቀቡት፤ አሲዱ ካልሲፖትሪኦሉን ያበላሸዋል።

ሳሊሲሊክ አሲድ ራሱ ርካሽ ረዳት ነው። ቅርፊቱ ከወፈረ ሌላው ቅባት አይገባም፤ ከ3 እስከ 6% ያለውን ለጥቂት ምሽት ቀብተው ቅርፊቱን ያስለቅቁ። በሰፊ ቆዳ ላይና በሕፃናት ላይ አይሆንም። ለራስ ቅል ኦይንትመንት ስለሚያስቸግር ሎሽኑን ይግዙ፤ ሹሩባ የተሠራች ሴት በየመስመሩ መሐል ታንጠባጥብ። ሹሩባው ጠብቆ ከተጎነጎነ ግን የተወጠረው ቆዳ ላይ አዲስ ሶሪያሲስ ሊወጣ ይችላል፤ በሽታው ጭረትና ቁስል ባለበት መከተል ልማዱ ነው። ቅቤ ቅርፊት ያለሰልሳል እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ሎሽኑ ከመቀባቱ በፊት ታጥቦ ይውጣ።

የስቴሮይድ መርፌና የፕሬድኒሶሎን ኪኒን ርካሽና ፈጣን ናቸው። በሳምንት ያጸዳሉ። ለሶሪያሲስ ብሎ የሚወስዳቸው ሰው ግን ሲያቆም መላ ሰውነቱ ሊቀላና ሊላላጥ ወይም መግል በቋጠሩ ሽፍታዎች ሊሸፈን ይችላል፤ ያኔ ሆስፒታል መተኛት ይመጣል። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በፍጹም አይግዙ የምለው ይህን ነው።

አሁን ሜቶትሬክሴት። አሥር መዳፍ የሚያህል ሶሪያሲስ በወር 140 ግራም ቅባት ይፈልጋል፤ ባለ 15 ግራም ቲዩብ ከዘጠኝ በላይ። ሃያ መዳፍ እጥፉን። በአንጻሩ በሳምንት 15 ሚሊግራም ሜቶትሬክሴት ማለት ባለ 2.5 ሚሊግራም ስድስት ፍሬ፣ በአራት ሳምንት 24 ፍሬ ነው፤ ከእሱ ጋር የጎን ጉዳቱን የሚቀንሰው ርካሹ ቫይታሚን ፎሊክ አሲድ። ውድ የሚሆነው ምርመራው ነው። ከመጀመሩ በፊት የደም ቆጠራ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪና የደረት ራጅ ያስፈልጋሉ፤ ከዚያም የደም ቆጠራው፣ የጉበቱና የኩላሊቱ ምርመራ መጀመሪያ በየጥቂት ሳምንቱ፣ ሲረጋጋ በየሁለት ሦስት ወሩ ይደገማሉ። ይህን ሁሉ ደምረውም በሰፊ ሶሪያሲስ ከቲዩብ ግዢው ጋር ያስተያዩት፤ የሚገኘው ውጤት ደግሞ አይወዳደርም። ውጤቱ የሚታየው ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ አይቁረጡ።

የሚገድለው ስህተት በየቀኑ መውሰድ ነው። መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ፋርማሲስቱ ካርቶኑ ላይ «1×1» (በየቀኑ አንድ ፍሬ) ከጻፈ እዚያው ያስተካክሉት፤ «ቅዳሜ ብቻ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ፣ ፎሊክ አሲዱም በሌላ ቀን። ባለ 10 ሚሊግራም ፍሬም አለ፤ ስድስት ከዚያ ከተወሰደ 60 ሚሊግራም ይሆናልና በየግዢው ቁጥሩን ያንብቡ። አረቄም ሆነ ጠላ መቅረት አለበት፤ ጉበቱ ሁለቱን አይችልም። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትወስደውም። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ለሽንት ወይም ለተቅማጥ ቢታዘዝልዎ ሜቶትሬክሴት እንደሚወስዱ ይናገሩ፤ ሁለቱ ተደምረው መቅኔን ያዳክማሉ፣ ሰው ይሞታል። የአፍ ቁስል፣ ትኩሳት ወይም ደረቅ ሳል ከመጣ የሳምንቱን ፍሬ ሳይውጡ ሐኪም ይዩ።

በመርፌ የሚሰጡት ባዮሎጂክ መድኃኒቶች (የመከላከያ ሥርዓቱን ቁጣ ለይተው የሚያቆሙ)፣ ለምሳሌ አዳሊሙማብ፣ ከሁሉም በላይ ይሠራሉ፤ ዋጋቸውም ከሁሉም በላይ ነው። ከውጭ የሚያስልክ ሰው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት እንዳለባቸው ይወቅ፤ በሻንጣ ሞቆ የደረሰ መርፌ ገንዘብ መጣል ነው። የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉም ያለ ቲቢ ምርመራ አይጀመሩም።

ጠዋት ሲነሱ ጣት ወይም ተረከዝ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚገትርዎ ከሆነ መገጣጠሚያው ተነክቷልና ቅባት ማወዳደሩን ይተዉት፤ መዘግየት አጥንት ያጣምማል። በድንገት የባሰ ሶሪያሲስም የኤችአይቪ ምርመራ ይጠይቃል። ለወባ ክሎሮኩዊን፣ ለደም ግፊት ፕሮፕራኖሎል የሚወስዱ ከሆነም ያስታውቁ፤ ሁለቱም ያባብሱታል። አዲስ አበባ ያለ ሰው አለርት ሆስፒታል፣ ደሴ አካባቢ ያለ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ያገኛል። ሲሄዱ እስካሁን የቀቡትን ሁሉ፣ ባዶውን ቲዩብና ስም የሌለውን ብልቃጥ ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ስቴሮይድ ስንት ጊዜ እንደተቀባ የሚያውቀው ከዚያ ነው።