ሴፍቲ እና ሴኩሪቲ፦ በአንድ «ደኅንነት» የሚጠሩ ሁለት ቃላት

«ሴፍቲ» እና «ሴኩሪቲ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ሁለቱም ጉዳትን ስለ መከላከል ይናገራሉ፤ የሚለያዩት ጉዳቱ ከየት ይመጣል በሚለው ላይ ነው። ሴፍቲ በዋናነት ማንም ሳያስበው የሚደርስን አደጋ፣ ማለትም የማሽን ብልሽትን፣ የሰው ስህተትን ወይም የተፈጥሮ ክስተትን ሲመለከት፣ ሴኩሪቲ ግን ሆነ ብሎ ለመጉዳት የተነሳን ሰው ታሳቢ ያደርጋል።

ልዩነቱ በአቪዬሽን ጎልቶ ይታያል። መንገደኛው ተርሚናል ሲገባ የወገብ ቀበቶውን ፈትቶ በኤክስሬይ ያሳልፋል፤ ይህ ሴኩሪቲ ነው። መቀመጫው ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ቀበቶ እንዲያስር ይጠየቃል፤ ይህኛው ሴፍቲ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ለየብቻ ደንግጓቸዋል፤ የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን መሠረታዊ ውል ከሆነው የቺካጎ ስምምነት አባሪዎች መካከል ሴኩሪቲን የሚመለከተው አባሪ 17 የአውሮፕላን ጠለፋ በበዛበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲጸድቅ፣ የሴፍቲ አስተዳደርን የሚመለከተው አባሪ 19 የጸደቀው በ2013 ነው።

በአማርኛ ሁለቱም «ደኅንነት» ስለሚባሉ፣ «የደኅንነት ሠራተኛ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ከእሳት ማጥፊያና ከራስ ቁር ይልቅ ስለላ ቢታሰበው አይፈረድበትም። በእኔ እምነት «ደኅንነት»ን ለሴፍቲ ትቶ፣ ሴኩሪቲን እንደ አገባቡ «ጥበቃ» ወይም «ጸጥታ» ማለት ይሻላል፤ «የጸጥታው ምክር ቤት» የሚለው ስያሜም የተለመደው በዚሁ መንገድ ነው። «የመረጃ ደኅንነት» (ኢንፎርሜሽን ሴኩሪቲ) ግን ሥር ስለ ሰደደ የሚነቀል አይመስለኝም።