ታሪክ ወይስ አካውንቲንግ?

ቶሎ ሥራ ለመያዝ አካውንቲንግ ይበልጣል፤ በዚህ አልከራከርም። የባንኮች የቅጥር ማስታወቂያ አካውንቲንግን በስሙ ይጠራል፤ ታሪክ «ተዛማጅ መስክ» ውስጥ እንኳ መግባቱ ያጠራጥራል። ወላጅን ማሳመን የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ስድስት ኪሎ ግቢ፣ በ1955 ዓ.ም. ወደተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጎራ የሚል የታሪክ ተማሪ ግን ሌላ ሙያ ይለምዳል። ስለ አንድ ጦርነት የተጻፉ ሁለት የሚጋጩ ምስክርነቶችን ጎን ለጎን ዘርግቶ «ማን ጻፈው? ለማን? መቼ?» ይላል። ኦዲተርም ሰነድ ይመረምራል፤ ነገር ግን ደረሰኙ እውነተኛ፣ ድምሩ ልክ፣ ወጪውም በአግባቡ የተፈቀደ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የታሪክ ተማሪው ግን እውነተኛ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤም ሊዋሽ እንደሚችል ያውቃል።

ለእኔ ይህ ከደመወዙ ልዩነት ይመዝናል። ለሚያመነታ፣ ታሪክን በመደበኛው፣ አካውንቲንግን በማታው መርሐ ግብር እመክራለሁ፤ የማታው ክፍያ ግን ቀላል አይደለም።