ድራይ ስኖርክል ከወራት በኋላ፦ ከላይ ያለው ቫልቭ ወይስ ከታች ያለው?

ስኖርክል፣ ማለትም ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ ለመተንፈስ የሚያገለግል ቱቦ፣ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ጫፉን ነው። "በዚህ በኩል ውሃ አይገባም" ይላችኋል። የእኔም ድራይ የሚባለው ዓይነት ነው። ቱቦው ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ጫፉ ላይ ያለ ተንሳፋፊ ይነሳና የአየር መግቢያውን ይዘጋል። ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ኤላት፣ በእስራኤል ደቡብ ጫፍ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ዳር ወዳለችው ከተማ፣ በወረድኩ ቁጥር ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ጨው ጠግቧል፣ ፀሐይ በልታዋለች፣ አሸዋ ገብቶበታል። አሁን ስለ እሱ ደፍሬ መናገር እችላለሁ።

ፍርዴን አላቆያችሁም። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ወድጄዋለሁ። የወደድኩት ግን ሻጩ ባወራለት ጫፍ ምክንያት አይደለም። ከአፍ ሥር ባለችው ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቫልቭ ምክንያት ነው።

ኤላት ለእንዲህ ያለ ፈተና ምቹ ናት። ኮራል ቢች በሚባለው የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ በኮራሉ (ከጥቃቅን የባሕር እንስሳት አፅም በተሠራው አለት) ላይ የሚያልፍ ድልድይ አለ። ኮራሉን ሳትረግጡ በድልድዩ ሄዳችሁ ጥልቁ ጋ ትገባላችሁ። ከዚያ በኋላ ፊትን ወደ ታች አድርጎ መንሳፈፍ ነው። የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ውሃ በሊትር 40 ግራም ገደማ ጨው ስላለው ሰውነት በቀላሉ ይንሳፈፋል። ጠዋት ጠዋት ውሃው መስታወት ይመስላል። ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ሲበረታ ግን አጫጭር ማዕበል ይነሳና የቱቦውን ጫፍ ደጋግሞ ይመታል። የስኖርክል ማንነት የሚታየው ያኔ ነው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዝሆን ኩምቢ ሲጽፍ፣ ጠላቂዎች ከውሃው በላይ አየር ከሚስቡበት መሣሪያ ጋር አመሳስሎታል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም በ1500 አካባቢ ለጠላቂ የሚሆን የመተንፈሻ ቱቦ ስሏል። ወረቀት ላይ ቱቦን ማስረዘም ይቻላል። ደረታችን ግን አይፈቅድም።

ይህን ሳይረዱ የስኖርክልን ንድፍ መረዳት ስለማይቻል ትንሽ ልቆይበት። 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃው ደረታችንን የሚጫነው ከአየር ግፊት አንድ አስረኛ በሚሆን ተጨማሪ ኃይል ነው። በቱቦው የሚመጣው አየር ግን የውሃው ገጽ ላይ ያለው አየር ነው፤ ግፊቱ አልጨመረም። የመተንፈሻ ጡንቻዎቻችን ይህን ልዩነት እያሸነፉ ብዙ መቆየት አይችሉም። ሁለተኛው ችግር የተቃጠለው አየር ነው። አንድ አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሆኖ በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ገደማ አየር ይስባል። ከዚያ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ ጉሮሮና የአየር ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ ሳንባ አይደርስም። ስኖርክል ስትጨምሩ ይህ የማይጠቅም ቦታ ያድጋል። ውስጡ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 38 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ወደ 120 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አሁን ያስወጣችሁትን አየር መልሳችሁ ትስቡታላችሁ ማለት ነው።

ለዚህ ነው የአውሮፓው መለኪያ ለአዋቂ የሚሆን ስኖርክል ከ38 ሴንቲ ሜትር እንዳይረዝም፣ ውስጡም ከ230 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚገድበው። ቁመታቸው ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆኑ ደግሞ 35 ሴንቲ ሜትርና 150 ሚሊ ሊትር ነው። ለልጅ የአዋቂ ቱቦ የምትሰጡ ወላጆች ይህችን ቁጥር ያዙ። ቱቦው ሲጠብ ትንፋሽ ይከብዳል። ሲሰፋ የተቃጠለ አየር ይጠራቀማል። ባለፉት አሥርተ ዓመታት የተደረገው ለውጥ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ውሃን ከላይ የመዝጋት ሐሳብ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1950ዎቹ ጫፋቸው ላይ የፒንግ ፖንግ ኳስ በትንሽ ቀፎ ውስጥ የታሰረባቸው ስኖርክሎች ይሸጡ ነበር። ቱቦው ከማስኩ (ዓይንና አፍንጫን ከሚሸፍነው የጠላቂ መነጽር) ጋር አንድ ላይ የተሠራም ነበር። ውሃ ሲመጣ ኳሱ ተንሳፎ ቀዳዳውን ይዘጋል ተብሎ ነው። ኳሱ አንዳንዴ ያፈስሳል፣ አንዳንዴም ይጣበቃል። ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ትተውት ወደ ተራው የጄ ቅርጽ ቱቦ ሄዱ። በተራው ቱቦ ውሃ ሲገባ በኃይል እፍ ብሎ ማስወጣት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ተመሳሳይ ነገር በትልቁ በሰርጓጅ መርከቦች ላይ ደርሷል። የኔዘርላንድ ባሕር ኃይል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የናፍጣ ሞተሩ ከውሃ በታች ሆኖ አየር የሚስብበት ምሰሶ ሠርቶ ነበር። ጀርመኖች በ1940 አገሪቱን ሲይዙ ቴክኒኩን አገኙት፤ በኋላም በራሳቸው መርከቦች ላይ ገጠሙት። ማዕበል ጫፉን ሲሸፍነው ቫልቩ ይዘጋል። ሞተሩ ግን መሳቡን አያቆምም። አየሩን ከመርከቡ ውስጥ መጥጦ ይወስዳል፣ የመርከበኞቹም ጆሮ ይታመማል።

የእኔ ድራይ ስኖርክል በማዕበል ቀን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው። አየር እየሳባችሁ መሃል ላይ ማዕበል ይመጣና ተንሳፋፊው ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ትንፋሻችሁ እዚያው ይቆረጣል። ለአንድ አፍታ ነው፣ ወዲያው ይከፈታል። እኔ ለምጄዋለሁ፤ መሳቤን አቁሜ እጠብቃለሁ። ያልለመደ ሰው ግን ይበልጥ አጥብቆ ይስባል፣ ይደነግጣልም። ሌላም አለ። ዓሣ ለማየት ወደ ታች ጠለቅ ስል ቱቦው ውስጥ የታሰረው አየር ወደ ላይ ይጎትተዋል። የማስኩ ማሰሪያ ላይ ጫናው ይሰማል። ተራው ቱቦ ውሃ ስለሚሞላ እንዲህ አያስቸግርም።

ከወራት በኋላ ቀድሞ የተበላሸውም ይኸው ጫፍ ነው። ጨው ይደርቅበታል፣ ደቃቅ አሸዋ ማጠፊያው ውስጥ ይገባል። በነሐሴ ተንሳፋፊው ግማሽ መንገድ ላይ መጣበቅ ጀመረ። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ፣ ትንሽ አቼቶ ጨምሬ፣ በጥርስ ብሩሽ አሸሁት፤ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ስወጣ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ሳላጥብ ቦርሳ ውስጥ አልከተውም። ውሃ ከመግባቴ በፊትም ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ ተንሳፋፊው ሲንኳኳ እሰማለሁ። ድምፁ ካልተሰማ አልገባም።

አሁን ወደ ወደድኳት ቫልቭ። ከአፍ ሥር ቱቦው ወደ ታች ትንሽ ዝቅ ይልና ኪስ ይሠራል። ኪሱ መጨረሻ ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ስስ የሲሊኮን ክዳን አለ። የገባው ውሃ እዚያ ይጠራቀማል። ቀለል አድርጋችሁ ስትተነፍሱ ውሃው በታች ይወጣል። በድሮው ቱቦ ውሃውን ወደ ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ አንስታችሁ መትፋት አለባችሁ። ለዚያ ደግሞ ሳንባ ውስጥ አየር መቆጠብ ያስፈልጋል። ይህች ክዳን ያንን ሁሉ አስቀርታለች። ረጅም ሰዓት ስዋኝ የድካሜ ልዩነት የመጣው ከእሷ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ የአሸዋ ፍሬ ተሰንቅሮባት አንጠባጥባለች። ውሃ ውስጥ በጣት ነካ ነካ ሲያደርጓት ይለቃል።

በጥርስ የሚነከሰው ሲሊኮን ጥሩ ቆይቷል። የድሮዎቹ ከጥቁር ጎማ ስለሚሠሩ ፀሐይና ጨው ያደርቃቸውና ይሰነጠቁ ነበር። ሲሊኮን ለስላሳ ነው፣ መንጋጋ አያደክምም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግን ቢጫ አድርጎታል፣ በግራ በኩል የምነክሰውም ቦታ ተበልቷል። ከማስኩ ጋር የሚያያይዘው ፕላስቲክ ቀለበት ተሰብሮ በተራ ላስቲክ ተክቼዋለሁ። ላስቲኩ ይሻላል።

ለላይኛው ቫልቭ ግን ፍትሕ ልስጠው። ባለቤቴ ደገኛ ናት፤ ዋና የለመደችው እዚህ አገር ከመጣች በኋላ ነው። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። ተራ ቱቦ ስትሞክር የመጀመሪያው ጉንጭ ጨዋማ ውሃ አስወጣት፤ ሁለተኛ አልገባም አለች። ድራዩን ስሰጣት ግን ፊቷን ውሃው ውስጥ አድርጋ ቆየች። ፓሮት ፊሽ የሚባለው ዓሣ ኮራሉን ሲነክስ ድምፁን ሰምታ እጄን ጨበጠች። ውሃ ወደ አፏ እንደማይመጣ ማወቋ ትንፋሿን አረጋጋው። ስለዚህ ለጀማሪ፣ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ፣ ድራይ እመክራለሁ።

ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን ማስክም ትጠይቁኛላችሁ። የስፖርት ዕቃ ሻጩ ኩባንያ ዴካትሎን በ2014 ኢዚብሬዝ ብሎ ካወጣው በኋላ በየባሕሩ ዳር በዛ። በአፍንጫም በአፍም ያስተነፍሳል፣ እይታው ሰፊ ነው፣ ጉምም ብዙ አይዘውም። በ2020 ኮቪድ ጣሊያንን ሲያስጨንቅ የብሬሻ መሐንዲሶች ይህንኑ ማስክ ለሆስፒታል መተንፈሻ እንዲሆን አስተካክለውት ነበር። ከዘመዴ ተውሼ ሞክሬዋለሁ። ከላይ ተንሳፎ ለማየት ደስ ይላል። ግን አፍንጫን መያዝ ስለማይቻል ወደ ታች ስትሉ የጆሮ ግፊት ማስተካከል ያስቸግራል። ገቢና ወጪ አየር በተለያየ መንገድ የሚሄደውም ውስጡ ያሉት ቫልቮች በደንብ ሲዘጉ ነው። ርካሽ ማስመሰያ አትግዙ።

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የትንፋሹን ክብደት ነው። በሃዋይ ስኖርክል ላይ ስለሚደርሱ ሞቶች የተደረገ ጥናት በ2021 ወጥቶ ነበር። አየር ለመሳብ የሚያታግል ቱቦ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እንዲጠራቀም ሊያደርግ እንደሚችል አመለከተ። የትኛው ቱቦ ቀላል፣ የትኛው ከባድ እንደሆነ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በፍጥነትና በጥልቀት ሳቡበት። የእኔ በዝግታ ስዋኝ ምንም አይለኝም፣ ሞገድ ተቃራኒ ስታገል ግን የላይኛው ጫፍ አየሩን እንደሚያጠብበው ይታወቀኛል። ውሃ ውስጥ ያለ ምክንያት ትንፋሽ ካጠራችሁ ቱቦውን ተፉት፣ በጀርባችሁ ተንጋለሉ፣ እርዳታ ጥሩ፣ ውጡ።

ይኸኛው ሲያልቅ የምገዛው ከፊል ድራይ የሚባለውን ነው። ጫፉ ላይ የሚዘጋ ነገር የለውም፤ የማዕበል ርጭትን የሚመልስ ክዳን ብቻ አለው፣ ከታች ደግሞ ያችው ማፍሰሻ። ድራዩን ለባለቤቴ እተውላታለሁ። 150 ሸቀል አውጥቼበታለሁ፤ ለእሷ ሲሆን ዋጋው ተገቢ ነው። የትኛውንም ብትመርጡ የአፍ ሲሊኮኑና የታችኛዋ ክዳን ለብቻ እንደሚሸጡ ሻጩን ቀድማችሁ ጠይቁት፤ ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው።