ሌቮታይሮክሲን ኪኒን፦ ሥራውን ያውቃል፣ ግን ሰዓት ይፈልጋል

ሌቮታይሮክሲን የታይሮይድ ዕጢ በቂ ሆርሞን ማምረት ሲያቅተው የጎደለውን የሚተካ መድኃኒት ነው። ይህ አንገት ላይ ያለ ዕጢ አዮዲንን ከደም ስቦ ታይሮግሎቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ያያይዛል፤ የሠራውንም ሆርሞን ለሳምንታት የሚበቃ አድርጎ ያከማቻል። ከአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ ቲኤስኤች የሚባል አዛዥ ሆርሞን ሲመጣ ፕሮቲኑን ሰባብሮ ብዙ ቲ4 እና ጥቂት ቲ3 የሚባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል። ኪኒኑ የሚተካው ቲ4ን ብቻ ነው። ጉድለት ይመስላል፤ ግን ጉበትና ሌሎች አካላት ከቲ4 አንድ አዮዲን አንስተው ቲ3 ያደርጉታል።

የኪኒኑ ጥንካሬ ቶሎ ከደም አለመውጣቱ ነው፤ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ በቀን አንዴ ይበቃል። ድክመቱ አንጀት ላይ ነው፤ ምግብም ቡናም መመጠጡን ይቀንሱበታል። ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ፣ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጣል። የብረትና የካልሲየም ኪኒኖች አንጀት ውስጥ ስለሚይዙት ከእሱ የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። መድኃኒቱ አልሠራም ከማለት በፊት ይህ ይጣራ።

ፓኬቱ ላይ የማይክሮግራሙን ቁጥር ሁለቴ ማየት አይከፋም፤ 25 እና 125 ይምታታሉ። መጠን ከተቀየረ ቲኤስኤች የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት መለካት ገንዘብ ማባከን ነው። የልብ መደለቅ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ከመጡ ግን መጠኑ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳይዘገይ ይየው።