ሁለት ሳጥን ሶል፦ ስታክስ ወይስ ሞታውን? ከዘጠኝ ወር በኋላ

ጥቅምት ላይ ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሁለት ሳጥን ሙሉ ሲዲ ተሸክሜ ቤት ስገባ ባለቤቴ አየችኝና «ስልክህ ላይ ያለውን ሙዚቃ ነው የገዛኸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ትንሽ መልስ ሳይኖረኝ አይቀርም።

ሥራዬ መንዳት ነው። ከደለስ ኤርፖርት ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት። መኪናዬ አሮጌ ስለሆነች የሲዲ ማጫወቻ አላት። ስለዚህ ይሄ የመኪና ውስጥ ግምገማ ነው። ሳሎኑ ቁጭ ብሎ በትልቅ ስፒከር የሚሰማ ሰው ሌላ ነገር ሊል ይችላል።

ስታክስ እና ሞታውን ሶል ያሳትሙ የነበሩ ሁለት የአሜሪካ ሸክላ ድርጅቶች ናቸው። አንደኛው ሳጥን «ዘ ኮምፕሊት ስታክስ ቮልት ሲንግልስ 1959–1968» ይባላል (ቮልት የስታክስ ሁለተኛ መለያ ስም ነው)። በ1991 የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። 9 ሲዲ፣ 244 ዘፈን። ሁለተኛው «ሂትስቪል ዩኤስኤ» ነው፤ ከ1959 እስከ 1971 የወጡ የሞታውን ነጠላ ዜማዎች። ይሄኛው በ1992 ወጣ። 4 ሲዲ፣ 104 ዘፈን። ሁለቱንም ያገለገለ ነው የገዛሁት። ስታክሱን በ75 ዶላር፣ ሞታውኑን በ25።

ነጠላ ዜማ ያኔ ማለት ባለ 45ቷ (በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው) ትንሽ ሸክላ ናት። ፊቷ ላይ አንድ ዘፈን፣ ጀርባዋ ላይ አንድ። የስታክሱ ሳጥን በእነዚያ ዓመታት የወጡትን የፊት ዘፈኖች ሁሉ ይዟል። የተሳካውንም፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየውንም። ከጀርባዎቹ ደግሞ የተመረጡ ገብተዋል። የሞታውኑ ሳጥን ግን ከብዙው ውስጥ ምርጡ ተለቅሞ የተሰበሰበበት ነው። ሌላው ልዩነት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ወር ከሞታውኑ አልወጣሁም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከቦርሳው ጋር የሚታገለው ነጋዴም፣ ከልጆቿ ጋር የመጣችው እናትም፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ማንጎራጎር ይጀምራሉ። ጉርሻም ጨመር ያደርጋሉ (ይሄንን በጥናት አላረጋገጥኩም)። እኔ ራሴ የያዘኝ ግን ዘፋኞቹ አይደሉም፣ ቤዝ ጊታሩ ነው። ብዙዎቹ ላይ የሚጫወተው ጄምስ ጄመርሰን የሚባል ሰው ነው። አንዴ ጆሯችሁ ከያዘው ዘፋኙን ትታችሁ እሱን ነው የምትከተሉት። የቤልትዌይን (የዋሽንግተንን ቀለበት መንገድ) መውጫ ሁለት ጊዜ ያሳለፈኝ እሱ ነው።

ከዚያ ደከመኝ። ዘፈኖቹ መጥፎ ሆነው አይደለም። አንድም መጥፎ የለም፤ ችግሩም እሱ ነው። በየቀኑ ክትፎ የቀረበለት ሰው አንድ ቀን ሽሮ ያምረዋል።

ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። ሞታውንን የመሠረተው ቤሪ ጎርዲ ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ በ1959 ዲትሮይት ውስጥ ከመጀመሩ በፊት የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አሠራሩን ከዚያ ነው ያመጣው። በየሳምንቱ ስብሰባ ይጠራል፤ የተቀረጹት ዘፈኖች ይሰማሉ፤ ድምፅ ይሰጣል። ያላለፈ አይወጣም። እንግዲህ ያለፈው ሸክላ ሆነ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ከሸክላዎቹ መካከል 104 መረጡ። ሁለት ጊዜ የተነፋ ዱቄት ነው። እንክርዳድ አይገኝበትም። ግን አንዱ ዘፈን ከአንዱ እንዴት እንደተወለደም አይታይበትም።

ስታክሱን የጀመርኩት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ዲስክ 1 አሰልቺ ነው። ሦስት ቀን ታግዬ መልሼ ሞታውኑን ከተትኩ። ድርጅቱ ገና ራሱን አላገኘም። ስሙም ያኔ ሳተላይት ነበር። ባለቤቶቹ ጂም ስቱዋርት እና እህቱ ኤስቴል አክስተን የባንክ ሠራተኞች ነበሩ። መቅረጫ ማሽን የገዙት እሷ ቤቷን አስይዛ ነው። በኋላ ከሁለቱ ስም መጀመሪያ ወስደው ስታክስ አሉት። ሜምፊስ ከተማ ማክሌሞር ጎዳና ላይ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። የሲኒማ ቤቱ ወለል ወደ ፊት እንዳዘነበለ ነው፤ አላስተካከሉትም። ለዚያ ክፍል የራሱን ድምፅ የሰጠው እሱ ነው ይባላል። ዘጠኙን ዲስክ ጨርሳችሁ ስትመለሱ እናንተም ክፍሉን በጆሮ ታውቁታላችሁ። ከበሮው ከሩቅ ግድግዳ ተመትቶ የሚመለስ ይመስላል።

ኤስቴል ደግሞ ድሮ ከረሜላ ይሸጥበት የነበረውን የሲኒማውን ጥግ የሸክላ ሱቅ አደረገችው። የሰፈሩ ልጆች እየገቡ ሲሰሙ፣ የትኛው እግራቸውን እንደሚያንቀሳቅስ ታያለች። ዲትሮይት ውስጥ ስብሰባ የሠራውን እዚህ የሠራው ሱቁ ነው።

ወደ ፊት ስገፋ ነው ነገሩ የተቀየረው። ሁሉም ነገር በወጣበት ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። አንድ ሌሊት ባዶዬን ከኤርፖርት ስመለስ፣ ከአንድ ሁለት ተራ ዘፈኖች ቀጥሎ የኦቲስ ሬዲንግ ድምፅ መጣ። 1962 ላይ ነን። ልጁ እዚያ ቤት የገባው የሌላ ሙዚቀኛ ሹፌር ሆኖ ነው። የዚያ ሙዚቀኛ ቀረጻ አልሳካ ብሎ ጊዜ ሲተርፍ «አንዴ ልሞክር» አለ። ሹፌር መሆኑ ሳይሆን አይቀርም የነካኝ። በምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ውስጥ ኦቲስ ንጉሥ ሆኖ ነው የሚገባው። እዚህ ግን ማንም ሳያውቀው ነው የሚመጣው። ከዚያ በየዲስኩ እየቆየ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር ድምፁ ሰፍቷል።

የጀርባ ዘፈኖችንም መናቅ ያቆምኩት ያኔ ነው። ቡከር ቲ እና ዘ ኤምጂስ የሚባሉት የቤቱ ሙዚቀኞች በዚያው ዓመት ሌላ ሰው ለመቅረጽ ገብተው ጊዜ ሲተርፋቸው ለራሳቸው የተጫወቱት አለ፤ «ግሪን አንየንስ»። መጀመሪያ ሸክላው ጀርባ ላይ ነው የተቀመጠው። ራዲዮ ጣቢያዎች ገልብጠው አጫወቱት። ከዚያ ፊት ሆኖ እንደገና ታተመ።

ስለ ዕቃው ላውራ። ስድስተኛው ዲስክ ይዘላል። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ብሎኝ ነበር። ጽፌለት ዝም አለኝ፤ እኔም ተውኩት። አንድ ወዳጄ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ በባዶ ሲዲ ሠራልኝ፤ እስካሁን የምሰማው እሱን ነው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የእያንዳንዱን ዲስክ የታች ፎቶ ጠይቁ። ቁጥራቸውንም ቁጠሩ።

ድምፁ በሁለቱም በአብዛኛው ሞኖ ነው፤ ከግራም ከቀኝም የሚሰማው አንድ ዓይነት ነው። ቅር የሚለው ሰው አለ። መኪና ውስጥ ግን ሞኖ በረከት ነው። የሞታውን ዘፈኖች ያኔም የተሠሩት ለመኪና ሬዲዮ ታስበው ነው። መስኮት ተከፍቶም፣ ዝናብ እየመታም ዘፋኙ አይጠፋም። በጆሮ ማዳመጫ ሞክሬዋለሁ፤ ግንባሬ መሃል ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አልወደድኩትም።

ጥር ላይ አንድ ጎረቤታችንን ሐኪም ቤት አደርስ ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ስታክሱ ተከፍቷል። ከሁለት ዘፈን በኋላ «ይሄን ጥሩምባ የት ነው የማውቀው?» አሉኝ። «የሜምፊስ ነው ጋሼ፤ የአሜሪካ» አልኳቸው። «አይ፤ እኔ አዲስ አበባ ነው የሰማሁት» አሉና ሳቁ። እንደገመትኩት የእኛዎቹን ማለታቸው ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ በባለ 45 ሸክላ ያወጣቸው ዘፈኖች ላይ የሚሰማው የጥሩምባ አመታት የዚህ ዘመድ ነው። ዓለማየሁ እሸቴን የሰማ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። ስለዚህ ስታክሱን ይወስዱታል ብዬ ገመትኩ። ሲወርዱ ግን ጣታቸው ያመለከተው ሞታውኑን ነው።

«ይሄኛው እንጉርጉሮ ነው፤ ለብቻህ ስትሆን ስማው። እኔ የጨፈርኩት በዚያኛው ነው። እስቲ ለሳምንት አውሰኝ» አሉኝ።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። የስታክሱ የመጨረሻ ዲስኮች ከባድ ናቸው። በ1967 የወጣ፣ ባር ኬይስ የሚባል ባንድ የተጫወተው «ሶል ፊንገር» የሚባል ዘፈን አለ። ከኋላ የሚጮኹት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ክፍያቸው ኮካ ኮላ ነበር። በጣም የሚያስቅ፣ የሚያስጨፍር ነገር ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 ላይ ኦቲስ ሬዲንግን እና አምስት የባንዱን ልጆች የያዘች አውሮፕላን ዊስኮንሲን ውስጥ ሐይቅ ላይ ወደቀች። ኦቲስ እና ከልጆቹ አራቱ ሞቱ። ኦቲስ ከሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት የቀረጸው ዘፈን ጥር 1968 ወጥቶ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። በቅደም ተከተል ስትሰሙት አስቀድሞ የሚያስጠነቅቃችሁ የለም። ከእሱ በኋላ ያሉትን ዘፈኖች እስካሁን በደንብ ሰምቻለሁ ብዬ አልምልም።

ሳጥኑ 1968 ላይ የሚቆመው ግን በኦቲስ ምክንያት አይደለም። ስታክስ ሸክላዎቹን የሚያከፋፍለው አትላንቲክ በሚባል ትልቅ የሸክላ ኩባንያ በኩል ነበር። አትላንቲክ ለሌላ ኩባንያ፣ ለዋርነር፣ ሲሸጥ ውሉ ተገልብጦ ታየ። የቀረጿቸው ሥራዎች ባለቤት ስታክስ ሳይሆን አትላንቲክ ሆኖ ተገኘ። ስታክስ ከባዶ ጀመረ፤ በ1969 በአንድ ጊዜ ወደ 30 የሚጠጋ አልበም አወጣ። ከ1968 ወዲህ ያሉት ነጠላ ዜማዎች በሌላ ኩባንያ፣ በፋንታሲ፣ በሁለት ተጨማሪ ሳጥን የወጡት ለዚህ ነው። 9 እና 10 ሲዲ ናቸው። ሁለተኛውን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ሰማሁት። አይዛክ ሄይስ እና ስቴፕል ሲንገርስ ያሉበት ቦታ ግሩም ነው። ግን ያ ትንሽ ቤት የለም። ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። አልገዛሁትም።

ሞታውንን «ሁሉንም ነው የምፈልገው» የምትሉ ካላችሁ ፊቱንም ጀርባውንም የያዘ ተከታታይ አለ፤ «ዘ ኮምፕሊት ሞታውን ሲንግልስ»። ከ2005 ጀምሮ 14 ሳጥን ነው የወጣው። በየሳጥኑ ሽፋን ላይ እውነተኛ ሸክላ ተሰክቶበታል። ዋጋውን ሳይ ገጹን ዘጋሁት። ከአንድ ድርጅት መታሰር ለማይፈልግ ደግሞ በ1997 የወጣው «ቤግ ስክሪም ኤንድ ሻውት» አለ። 6 ሲዲ፣ 144 ዘፈን፣ ከየኩባንያው የተውጣጣ፣ እንደ ድሮ የሸክላ መያዣ ቦርሳ የተሠራ። ጓደኛዬ ቤት አይቼዋለሁ። ያምራል። እየነዱ ዲስክ ለመቀየር ግን የሚሆን አይደለም።

አሁን አንዱን ብቻ ግዛ ብትሉኝ? ሶል ሰምቶ ለማያውቅ፣ ለስጦታ፣ ለግብዣ፣ ሞታውኑን። ሳይታሰብበት። ብቻውን ረጅም መንገድ ለሚነዳ፣ ዲስክ 1ን ለመታገሥ ለሚችል ስታክሱን። ባለቤቴም ቅዳሜ ገበያ ስንሄድ «ያንን የሹፌሩን አድርገው» ማለት ጀምራለች።

ጋሼ ለሳምንት የወሰዱት ሳጥን ስድስት ወሩ ነው። መልሱልኝ ማለት አፈርኩ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ሞታውን አዘዝኩ፤ በ22 ዶላር አገኘሁት። ስታክሱን አውሰኝ ያለኝ ሰው ግን አለ፤ ስልኩን አላነሳሁለትም።