ሞተሬን ከአስፋልቱም ከጭቃውም ጋር ላስታረቀልኝ የአሰላ መካኒክ

ስሙን አልጽፍም። «ስልኬን በየቦታው ከበተንከው ሰው ይበዛና ሥራዬ ይበላሻል» ብሎ አስጠንቅቆኛል። ዝም ማለት ደግሞ ንፉግነት ሆኖብኛል። ስለዚህ አሰላና አካባቢዋ ሞተር ሳይክል ለምትነዱ የዚህን ሰው ነገር ልንገራችሁ፤ ጋራዡን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከአሰላ በሳጉሬ በኩል እስከ በቆጂ ያለው አስፋልት የዘወትር መንገዴ ነው። ከዚያ እየታጠፍኩ ወደ ጭላሎ ግርጌ የሚወጡትን የቀበሌ መንገዶች እይዛለሁ፤ በጋ ኮረኮንች፣ ክረምት ጭቃ። ከኋላዬ የዘር ናሙና የሞላ ሳጥን አይጠፋም። ባለ 150 ሲሲ ሞተሬን ስገዛው ካቴናው (ሰንሰለቱ) የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ እኛ «ጥርስ» የምንለው፣ የፊቱ 15፣ የኋላው 45 ጥርስ ነበረው። ሜዳ አስፋልት ላይ ምንም አይወጣለትም። የጭቃ ዳገት ሲመጣ ግን አንደኛ ማርሽ እንኳ ይፈጥንብኝና ፍሪሲዮን ይዤ እየለቀቅሁ ነበር የምወጣው። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ልብሴ ላይ ያድር ነበር።

ዓምና ሌላ ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ ችግሬን ገና ሳልጨርስ የፊቱን 13፣ የኋላውን 50 አደረገልኝ። ዳገቱንማ እንደ ፍየል ወጣው! አስፋልት ላይ ግን ጩኸት ብቻ ሆነ። ቀድሞ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሰጠኝ የነበረው የሞተር ዙር 62 ብቻ ይሰጠኝ ጀመር። አይሱዙዎች ከኋላዬ ጥሩንባቸውን እየነፉ ዳር ያስይዙኝ ነበር፤ የቤንዚኑንም ወጪ ባላነሣው ይሻላል።

የአሰላው መካኒክ ዘንድ ስሄድ መፍቻ አላነሣም። «ከመቶ ኪሎ ሜትር ስንቱ አስፋልት ነው? ስንት ኪሎ ትጭናለህ? የሚያስቸግርህ የትኛው ማርሽ ላይ ነው?» አለኝ። በግምት ስቀባጥር ጊዜ «ሂድና አንድ ሳምንት ደብተር ላይ ጽፈህ ተመለስ» ብሎ ሸኘኝ። ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅም። ጻፍኩ፦ በሳምንቱ ከሄድኩት 340 ኪሎ ሜትር 230ው አስፋልት ነው። በፋብሪካው ጥርስ በምነዳበት ጊዜ ወደ በቆጂ ሲወጣ አምስተኛ ማርሽ ትንሽ ነፋስ ከመጣ አይጸናም ነበር፤ ወደ አራተኛ መመለስ ግድ ነው። ይህንንም አስታውሼ ጨመርኩበት።

የያዘው እርሷን ነጥብ ነው። «አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር፣ በቆጂ 2,800 ሜትር ያህል ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ባለ ካርቡሬተር ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። አምስተኛህን ካልተጠቀምክበት ለጌጥ ነው የገዛኸው?» አለ። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥቶ የኋላውን ጥርስ ለፊቱ ካርቶን ላይ አካፈለ፤ ውጤቱ ሲበዛ ጉልበት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። 45 ለ15 ሦስት ይመጣል፤ 50 ለ13 ወደ 3.85 ይጠጋል፤ ያ ለእኔ መንገድ ከልክ ያለፈ ነው። 45 ለ14 ግን 3.21 ነው። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ከመጨመር ጋር የሚተካከል መሆኑን የተማርኩት እዚያ ካርቶን ላይ ነው። 14 እና 45 ላይ ተስማማን።

አሁን 80 በነበረው የሞተር ዙር 75 እሄዳለሁ። በምላሹ አምስተኛ ማርሽ ዳገቱ ላይም ጸንቶልኛል፤ ጭቃ ውስጥ በሰው እርምጃ ፍጥነት ስሄድ ፍሪሲዮኑን መንካት አያስፈልገኝም። ቁልቁለት ላይም ሞተሩ ራሱ ይይዝልኛል።

ካቴናውን ከኋላ ጥርሱ ጀርባ ወደ ራሱ ሳበና አሳየኝ፤ የጥርሱ ግማሽ ወጥቶ ታየ። «ያረጀ ካቴና አዲስ ጥርስ ይበላል» ብሎ ካቴናውንና ሁለቱን ጥርሶች አንድ ላይ እንድገዛ አደረገኝ። መለዋወጫውን ራሴ ገዛሁ፤ እርሱ የወሰደው የእጁን ዋጋ ብቻ ነው። ትንሹ የፊት ጥርስ ካቴናውን አውርዶት የኋላ ሹካው ላይ ያለውን ላስቲክ ሲግጠው እንደነበረም ያኔ ነው ያየሁት። ካቴናውን ሲወጥር ሳጥኑን አስጭኖ፣ እኔንም አስቀምጦ ነው የለካው፤ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ጨዋታ ተወለት። ፋብሪካው የሰጠውን ባለ 15 ጥርስ አላስጣለኝም። «ለሳምንት አዳማ በአስፋልት የምትመላለስበት ሥራ ቢገጥምህ ትቀይረዋለህ፤ የኋላ ጎማውን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት መግፋት ይበቃል» አለኝ። እስካሁን አልቀየርኩትም።

እንከኑንም ልናገር። ቅዳሜ ያለኝን ሰኞ ነው ያስረከበኝ፣ ለዚያውም ከቀትር በኋላ። የቸኮለ ሰው ይበሳጭበታል። ቡና እየጋበዘ ስለ ሌላ ሰው ሞተር ሲያወራም ሰዓቱ ይሄዳል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። የምትሄዱ ሰዎች ግን ደብተራችሁን ሞልታችሁ ሂዱ፤ ያለበለዚያ እንደ እኔ ከደጅ መመለሳችሁ ነው።